ሳያረጁ የተዘፈነ እርጅና

ፒት ታውንሸንድ «ማይ ጄኔሬሽን»ን ሲደርስ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። በ1965 መገባደጃ የወጣው ይህ የ«ዘ ሁ» ባንድ ዘፈን (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከማርጀት ሞትን የሚመርጥ ጎረምሳ ንዴቱን የሚወጣበት ነው፤ ድምፃዊው ሮጀር ዳልትሪም ሆን ብሎ እየተንተባተበ ያቀነቅነዋል። ታውንሸንድም ዳልትሪም ዛሬ የሰማንያን ደፍ አልፈዋል። የዘፈኑ ምኞት የደረሰው ለከበሮ መቺያቸው ለኪት ሙን ነው፤ በ1978 በ32 ዓመቱ ሞተ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ኢንትዊስል በ2002 የአሜሪካ ጉዟቸው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የተረፉት ሁለቱ ያንኑ ዘፈን ይዘው በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ ወጡ። ዳልትሪ ያኔ 68 ዓመቱ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊያሾፍ ነው። ሳናረጅ እንሙት ብለው የዘፈኑ ሰዎች ሸብተው ትኬት መሸጣቸው ለቀልድ ይመቻል። እኔ ግን ሹፈቱ የቸኮለ ይመስለኛል። ሮክ ስለ እርጅናና ስለ ጊዜ ማለፍ ያፈራቸው ታላላቅ ዘፈኖች ከሞላ ጎደል የልጆች ሥራ ናቸው፤ ሃያዎቹን ያላገባደዱ፣ ሽበት ያላዩ ልጆች የጻፏቸው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት 60 ዓመታት ዘፈኖቹ የተፈተኑባቸው ናቸው። ስለዚህ ሮክ ጊዜን እንዴት እንዳየው ለመከታተል ግጥሙን ማንበብ ብቻ አይበቃም። ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደዘፈነውም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ60ዎቹ እርጅና ገና መጫወቻ ነበር። ፖል ማካርትኒ «ዌን አይም ሲክስቲ ፎር» የሚባለውን ዘፈን ዜማ የፈጠረው በአሥራዎቹ አጋማሽ ሳለ፣ ሊቨርፑል ውስጥ አባቱ ቤት ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ነው። ዘፈኑ በ1967 በቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» አልበም ሲወጣ አባቱ ልክ በ64 ዓመታቸው ላይ ነበሩ። የቀረጻው ታሪክ ደግሞ ከግጥሙ ይበልጥ ይናገራል። ማካርትኒ ድምፁ የልጅ ድምፅ እንዲመስል ቴፑ ትንሽ ፈጠን እንዲደረግ ጠየቀ። ስለ ሽምግልና የሚዘፍነው ሰው 24 ዓመቱ በዝቶበት ይበልጥ ልጅ መምሰል ፈለገ ማለት ነው። እሱ ራሱ 64 የሞላው በ2006 ነበር፤ ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር መለያየታቸውን ካስታወቁ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። ጋዜጦቹ ያቺን ቀን በዋዛ አላሳለፏትም።

ጆን ሌነን በ1965 «ኢን ማይ ላይፍ»ን ሲጽፍ 25 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ከቤቱ ወደ ሊቨርፑል መሀል ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ የሚያልፍባቸውን ሰፈሮች በስም እየጠራ የሚሄድ ነበር። ዝርዝሩ አሰልቺ ሆነበትና ሁሉንም ሰረዛቸው። በተጠናቀቀው ዘፈን ውስጥ አንድም የቦታ ስም አታገኙም፤ ለዚህም ይመስለኛል ሊቨርፑልን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው የራሱን ሰፈር የሚያገኝበት። በ25 ዓመት ወደ ኋላ መመልከት ምን ያህል ዓመት ቢኖር ነው ትሉ ይሆናል። ሌነን ግን እናቱን ያጣው በ17 ዓመቱ ነው፤ የቅርብ ጓደኛውና የቢትልስ የቀድሞ ቤዝ ተጫዋች ስቱዋርት ሰትክሊፍ የሞተው ደግሞ እሱ 21 ዓመት ሳለ። ወደ ኋላ የሚያይበት ነገር ነበረው።

ኒል ያንግ «ሹገር ማውንቴን»ን በ19ኛ ዓመት ልደቱ ጻፈ፤ ሃያ የሞላው ሰው ከልጆች ክበብ ስለሚባረርበት ሐዘን። የአገሩ ልጅ ጆኒ ሚቼል ሰምታው አዘነችለትና ማጽናኛ ይሆነው ዘንድ «ዘ ሰርክል ጌም»ን ጻፈች። ሁለቱ ካናዳውያን ስለ 20 ዓመት ይህን ያህል ማልቀሳቸው ዛሬ ፈገግ ያሰኛል። ያም ሆኖ ሁለቱም ዘፈኖች እስካሁን ይደመጣሉ።

የዚያን ዘመን ሮክ ከሽማግሌ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘው ሥራ ግን የሳይመንና ጋርፈንከል «ቡክኤንድስ» ነው፤ የ1968 አልበም። ፖል ሳይመን 26 ዓመቱ ሳለ ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌ ጓደኛሞችን እያየ ሰባ ዓመት መሙላት ምን ይመስል ይሆን ብሎ አሰበ። ዘፈኑ ውብ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከሩቅ የታዩ፣ ቃል የማይወጣቸው ናቸው። አርት ጋርፈንከል ይህ የታየው ይመስላል፤ መቅረጫ ይዞ የአረጋውያን መኖሪያዎች ሄደና አዛውንቶቹን አናግሮ ድምፃቸውን ቀዳ። አልበሙ ላይ ከዘፈኑ በፊት የሚሰማው ያ ነው፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ፎቶግራፍ የሚያወሩ፣ የሚያጉረመርሙ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እውነተኛ ሰዎች። ሙዚቃ የለው፣ ዜማ የለው። ብዙ አድማጭ ሸክላውን ሲያጫውት የሚዘለው ይህንኑ ነው። በ2003 ሁለቱ ጓደኛሞች ከብዙ ኩርፊያ በኋላ ታርቀው ለኮንሰርት ሲወጡ ለጉዞው የሰጡት ስም የዚያው ዘፈን ስም ነበር፤ «ኦልድ ፍሬንድስ»። ሰባ ሊሞላቸው 8 ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

በ70ዎቹ ጨዋታው አበቃ። ያ ትውልድ ወደ 30 ተጠጋ፣ ለሮክ 30 ደግሞ የሞት ያህል ነበር። የ«ጄትሮ ተል» መሪ ኢያን አንደርሰን በ1976 ለሮክ አርጅቻለሁ የሚል አልበም ሲያወጣ 28 ዓመቱ ነበር። የ«ሮሊንግ ስቶንስ»ው ሚክ ጃገርም በዚያው ዘመን በ45 ዓመቴ «ሳቲስፋክሽን»ን እየዘፈንኩ ከመገኘት መሞት ይሻለኛል ብሎ ነበር፤ በ80 ዓመቱም ዘፍኖታል። ዘፋኟ ስቲቪ ኒክስ «ላንድስላይድ»ን ኮሎራዶ በረዶማ ተራሮች ሥር ተቀምጣ ስትጽፍ በሃያዎቹ አጋማሽ ነበረች። የመጀመሪያ አልበሟ ከስሮ፣ አሳታሚው ትቷት፣ ሙዚቃውን ልቀጥል ወይስ ትምህርት ልግባ በምትልበት ሰዓት ነው። ዘፈኑን በኋላ ሌሎች ባንዶች ደጋግመው ዘፍነውታል፤ እሷም በሰባዎቹ ዕድሜዋ እየዘፈነችው ነው። እርጅናን ከማንም ቀድሞ የሚያስበው ያላለፈለት ወጣት እንደሆነ ከዚህ ዘፈን በላይ ያሳየኝ የለም።

የዘመኑ ማዕከል ግን «ታይም» ነው፤ በ1973 በወጣው የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ውስጥ ያለው። ግጥሙን የጻፈው ሮጀር ዋተርስ 29 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እንደነገረን ከሆነ፣ ሕይወት ወደፊት የምትጀምር ነገር እንደሆነች፣ እስካሁን ያለው ሁሉ ዝግጅት እንደሆነ እያሰበ ኖሮ፣ በድንገት መሀሏ ላይ እንደሆነ ገባው። ዘፈኑ የሚጀምረው በሰዓቶች ጩኸት ነው። የድምፅ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ አንድ የአሮጌ ሰዓት መሸጫ ሄዶ አንድ በአንድ የቀዳቸው ናቸው፤ ለሌላ ሙከራ ብሎ የቀዳቸውን አንድ ላይ ሲያስጮኻቸው ዘፈኑ መግቢያውን አገኘ።

ከሰዓቶቹ በኋላ የሚመጣው ነገር ይበልጥ ይገርመኛል። ኒክ ሜሰን ቀጫጭን ከበሮዎቹን በዝግታ ይመታል፤ ሌሎቹ እዚህም እዚያም አንዳንድ ድምፅ ይጥላሉ፣ ዘፈን ግን የለም። ተረጋግቶ የሚያዳምጥ ሰው የመጀመሪያዋን የግጥም ቃል እስኪሰማ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። ሰባት ደቂቃ ከማይሞላ ዘፈን ሲሶው መጠበቅ ነው። ግጥሙ ከዚያ መጥቶ ጊዜህን በመጠበቅ አባከንከው ሲልህ እውነትም አባክነሃል። ስለ ጊዜ የሚናገሩ ብዙ ዘፈኖች አሉ፤ አድማጩን በገዛ ጊዜው የሚይዘው ግን ይህ ነው። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ 741 ሳምንት ቆይቷል። በ15 ዓመቱ የገዛው ልጅ ሠላሳ እስኪሞላው ድረስ አልበሙ ሰንጠረዡ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ1979 ኒል ያንግ ቀስ በቀስ ከመዛግ ነድዶ ማለቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ ያዘለ ዘፈን አወጣ። ጆን ሌነን በ1980 በሰጠው ቃለ ምልልስ ላይ ሐሳቡን ክፉኛ ነቀፈው፤ እኔ የማደንቀው የሚተርፉትን ነው አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 በ40 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። በ1994 ደግሞ ከርት ኮቤይን በ27 ዓመቱ ራሱን ሲያጠፋ በተወው ደብዳቤ ላይ የያንግን ስንኝ ጻፈ። ያንግ በዚህ ክፉኛ እንደተነካ ይታወቃል። ዛሬ ሰማንያ ደርሶ አሁንም ይጫወታል።

በ80ዎቹ ትዝታ ሸቀጥ ሆነ። በሮክ ያደገው ትውልድ አርባ ገባ፣ ደመወዙ ዳጎስ አለ፣ መኪና ገዛ፤ በመኪናው ውስጥ ሬዲዮ ነበር። የቆየ ሮክ ብቻ የሚያጫውቱ የአሜሪካ ጣቢያዎች የተስፋፉት በዚህ ዘመን ነው። ሲዲ ሲመጣ ሰው በሸክላ የነበረውን ሁሉ እንደገና ገዛው። የሮክ «የዝና አዳራሽ» የሚባለው ተቋም በ1983 ተመሠረተ፤ ለመግባት የመጀመሪያ ሸክላህ ከወጣ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል ተባለ። የአመፅ ሙዚቃ የአገልግሎት ዘመን ተቆጠረለት።

ዘፈኖቹም ወደ ኋላ ዞሩ። የ«ኢግልስ» አባል የነበረው ዶን ሄንሊ በ1984 ባወጣው «ዘ ቦይስ ኦፍ ሰመር» ውስጥ የሂፒዎች ባንድ ምልክት የተለጠፈበት የካዲላክ መኪና ያስገባል፤ የአንድ ትውልድ ጉዞ በአንዲት መኪና መከታ ላይ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በዚያው ዓመት «ግሎሪ ዴይስ»ን አወጣ፤ የትምህርት ቤቱ የቤዝቦል ኮከብ የነበረ ሰው ዛሬ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ የያኔውን ብቻ የሚያወራበት። ዜማው የሚያስጨፍር ስለሆነ ሰው ሽሙጡን ሳይሰማ ይጨፍርበታል። ብራያን አዳምስ «ሰመር ኦፍ 69»ን ዘፈነ፤ ካሰላችሁት በ1969 ክረምት የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ናፍቆቱን ከሌላ ሰው ቢዋሰውም ማንም አልጠየቀውም፣ ምክንያቱም አድማጩም የሚፈልገው ብድር ነበር። የቦብ ሲገር «ላይክ ኤ ሮክ» የ18 ዓመት ጉልበትን የሚያስታውስ የአንድ ጎልማሳ ሐዘን ሆኖ በ1986 ወጣ፤ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ የሼቭሮሌት ፒክአፕ ማስታወቂያ ሆኖ ኖረ። ያለፈ ጉልበት የሚያስለቅሰው ዘፈን የጭነት መኪና ጉልበት መሸጫ ሆነ።

እዚህ ላይ የእኛም ስም ይነሳል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በእኛ አቆጣጠር፣ ጁላይ 13 ቀን 1985 በእነሱ፣ ለንደንና ፊላደልፊያ ውስጥ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ተብሎ በተዘጋጀው «ላይቭ ኤይድ» መድረክ «ዘ ሁ» ከተበተኑ በኋላ ለአንድ ቀን ተሰበሰቡ። የከፈቱት በ«ማይ ጄኔሬሽን» ነበር፤ ዳልትሪ 41፣ ታውንሸንድ 40። የቴሌቪዥን ሥርጭቱ በዚሁ ዘፈን መሀል ተቋረጠ። እርጅናን የሚረግመው ዘፈን በአርባ ዓመት ሰዎች ለዓለም ሊቀርብ ሲል መስመሩ ጠፋ። በዚያው ዕለት ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን አስቀርቶ ጊዜውን ከኢትዮጵያ ለተላከ ፊልም ሰጠ። ወደዚህ ፊልም እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አንዲት ሴት። ማርያን ፌዝፉል በ1964 «አዝ ቲርስ ጎ ባይ» የተባለውን ዘፈን ስትቀዳ 17 ዓመቷ ነበር። ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ከሥራ አስኪያጃቸው ከአንድሩ ኦልድሃም ጋር የደረሱላት ነው። በማምሻ ብቻውን ተቀምጦ የልጆችን ጨዋታ የሚመለከት፣ ዕድሜው ያመለጠው ሰው ዘፈን ነው። ደራሲዎቹ ራሳቸው ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። የ1964ቱን ቅጂ ዛሬ ስትሰሙት ድምፁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይነካው ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን ዳዊት ሲደግም እንደሚሰማው ነው፤ ቃሉ አልገባውም፣ ቃሉ ግን አልተሳሳተም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የጃገር ፍቅረኛ ሆነች፣ የጋዜጣ ወሬ ሆነች፣ ሄሮይን ያዛት፣ በ70ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሶሆ ውስጥ መንገድ ላይ እስከ ማደር ደረሰች። በ1979 «ብሮክን ኢንግሊሽ» በተባለው አልበም ስትመለስ ያ ቀጭን ድምፅ የለም። ተሰንጥቋል፣ ወርዷል፣ ሻክሯል። በ1987 ፕሮዲዩሰሩ ሃል ዊልነር ያንኑ የልጅነት ዘፈን እንደገና አስቀዳት፤ 40 ዓመቷ ነበር። ዜማው ዝግ ብሏል፣ ሙዚቃው ሳስቷል፣ ድምፁ ከወንድ ድምፅ ጋር ሊምታታ ምንም አልቀረው። በ2018 «ኔጌቲቭ ኬፐቢሊቲ» በተባለው አልበም ለሦስተኛ ጊዜ ቀዳችው፤ 71 ዓመቷ ነበር፣ ስታዜም ትንፋሿ በየሐረጉ ይሰማል። በጃንዋሪ 2025 በ78 ዓመቷ አረፈች።

ሦስቱን ተከታትሎ መስማት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። እንደ እኔ የ1987ቱ ከሁሉ ይበልጣል። የ71 ዓመቷ ሴት ከዘፈኑ ጋር ታርቃለች፤ ልጆቹን ስታይ የምትስቅ ይመስለኛል። የ40 ዓመቷ ግን ገና አልታረቀችም። ያመለጣት ነገር ምን እንደሆነ አውቃዋለች፣ ይመለሳል ብላም አትጠብቅም፣ ግን አልተወችውም። ጊዜን የሚያሳየው ዘፈን ይህ ነው፤ የ17 ዓመቷ ልጅ ሳታውቀው ለ40 ዓመቷ ሴት ያስቀመጠችላት። ጆኒ ሚቼል በ«ቦዝ ሳይድስ ናው» ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች፤ በ23 ዓመቷ ጽፋ በ56 ዓመቷ ከኦርኬስትራ ጋር ደግማ ቀድታዋለች፣ በ80 ዓመቷም ግራሚ መድረክ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘፍናዋለች።

በትዝታ ቅኝት ያደገ ጆሮ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። እኛ ዘንድ የ20 ዓመት ልጅ ትዝታ ሲያዜም ምን ያየኸው አለ የሚለው የለም፤ ዘፈኑ ከእሱ በፊት ስለነበር፣ አድጎ እንደሚደርስበት ስለሚታመን። ሮክ ይህ ውርስ አልነበረውም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጽፎ፣ በራሱ አርጅቶ፣ እስኪደርስበት መጠበቅ ነበረበት።

አንዳንዴ ደግሞ ዘፈኑ ላይ የሚደርሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ትሬንት ሬዝነር «ኸርት»ን ለ«ናይን ኢንች ኔይልስ» የጻፈው በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ስለ ራሱ ጨለማ ነው፤ በ1994 ወጣ። ከ8 ዓመት በኋላ ጆኒ ካሽ በ70 ዓመቱ ዘፈነው። ማርክ ሮማኔክ ቪዲዮውን የቀረጸው ካሽ ቤትና በስሙ በተሠራው፣ ያኔ ተዘግቶ በፈራረሰው ሙዚየም ውስጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ባለቤቱ ጁን ካርተር ደረጃው ላይ ቆማ ቁልቁል ታየዋለች፤ የምትለው የለም። እሷ በሜይ 2003 ሞተች፣ እሱ በሴፕቴምበር ተከተላት። ሬዝነር ቪዲዮውን ካየ በኋላ ዘፈኑ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም ሲል ተናገረ። ባለቤትነቱን በፈቃዱ አስረከበ።

ሞት እየቀረበ ሲመጣ የተሠሩት አልበሞች ብዙ ተወርቶላቸዋል፣ እኔ ባጭሩ ላልፋቸው። ፍሬዲ ሜርኩሪ በ1991 የመጨረሻ ቪዲዮውን ሲቀረጽ ክሳቱ እንዳይታይ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በ45 ዓመቱ ሞተ። ቦዊ «ብላክስታር»ን በ69ኛ ልደቱ ጃንዋሪ 8 ቀን 2016 አውጥቶ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ፤ መታመሙን ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የቦብ ዲላን «ኖት ዳርክ የት» ደግሞ ከበሽታ አልጋ የወጣ ዘፈን ተደርጎ ይወራል፤ ዘፈኑ ግን የተቀዳው በ1997 መጀመሪያ፣ ዲላን ሆስፒታል የገባው ከቀረጻው ወራት በኋላ ነው። አልታመመም ነበር፤ 55 ዓመቱ ብቻ ነበር። እኔን ይበልጥ የያዘኝ የስፕሪንግስቲን «ሌተር ቱ ዩ» ነው፣ የ2020። በጉርምስናው የተጫወተበት «ዘ ካስቲልስ» የሚባል የሰፈር ባንድ ነበር። በ2018 ጆርጅ ታይስ የተባለው ጓደኛው ሲሞት ከዚያ ባንድ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ሆነ። ስለ ሞት ሳይሆን ስለ መቅረት የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በ70 ዓመት የሚጻፍ፣ በ25 ሊታሰብ የማይችል ነገር ካለ ይኼ ይመስለኛል።

ገበያው በበኩሉ ከእርጅና ጋር ከታረቀ ቆይቷል። የ«ሮሊንግ ስቶንስ» የ2024 የአሜሪካ ጉዞ ስፖንሰር የጡረተኞች ማኅበር ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ አሜሪካውያን የሚታቀፉበት። ኦዚ ኦዝቦርን በጁላይ 2025 በተወለደበት በርሚንግሃም በሕመም መቆም ስላልቻለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ከቀድሞ ባንዱ «ብላክ ሳባዝ» ጋር ዘፈነ፤ በ17ኛው ቀን በ76 ዓመቱ ሞተ። ያቺን ቀን ያየ ሰው፣ ሮክ የወጣት ብቻ ነው የሚለው ክርክር ስንት ዓመት እንዳባከነ ሳያስብ አይቀርም።

አዲሱ ነገር ማሽኑ ነው። በ2023 የወጣው የቢትልስ «ናው ኤንድ ዜን» ሌነን በ70ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ቤቱ ውስጥ በካሴት የቀዳው ነው። ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ ካሴቱን በ1994 ሰጠች፤ ጓደኞቹ ሞከሩት፣ የካሴቱ እዝዝታና የፒያኖው ድምፅ የሌነንን ድምፅ ስለዋጠው ተዉት። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ድምፁን ከፒያኖው ለየው። ማካርትኒ 81፣ ሪንጎ ስታር 83 ዓመታቸው ሆኖ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ካለ ሟች ጓደኛቸው ጋር ዘፈኑ፤ በ2001 የሞተው ጆርጅ ሃሪሰንም በ1995ቱ ሙከራ የተጫወተው ጊታር ገባበት። ሥራው ልብ ይነካል። ግን የጠራው እዝዝታ የዘፈኑ ዕድሜ ነበርና፣ ሲወጣ ዕድሜውም አብሮ ወጣ።

የተለያየ ዘመን ድምፆችን ማዋሃዱ በ2024 መጨረሻ ወደ እኛም ዘፈን ደረሰ። «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» በ1984 ለሰባ ሰባቱ (በእኛ አቆጣጠር) ረሃብ የተዘፈነ ነው፤ ገናን ከሺህ ዓመት በላይ ላከበረ ሕዝብ ገናን ታውቁታላችሁ ወይ ማለቱን እንለፈው፣ ስንት ጊዜ ተብሏል። በ2004 ለሱዳን ዳርፉር፣ በ2014 ለምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ በሌሎች ዘፋኞች ተደግሟል። ለ40ኛ ዓመቱ ፕሮዲዩሰሩ ትሬቨር ሆርን ሦስቱን ቀላቀላቸው። የ1984ቱ ወጣት ቦኖ ከሸመገለው ቦኖ ጋር ይዘፍናል፤ በ2016 በገና ቀን የሞተው ጆርጅ ማይክል ከሃያ ዓመት በኋላ ከመጡት ልጆች ጋር። ከዘፋኞቹ አንዱ ኤድ ሺራን ድምፄን ለመጠቀም ፈቃዴን አልጠየቁም፣ ቢጠይቁኝም እምቢ እል ነበር አለ። ሌላው ሁሉ ስለ ዘፋኞቹ አወራ፤ ማን አረጀ፣ ማን ሞተ፣ የማን ድምፅ እንደበፊቱ ነው።

በላይቭ ኤይድ ቀን ቦዊ ቦታ በለቀቀለት ፊልም ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ የነበረች አንዲት የትግራይ ሕፃን ነበረች። ተረፈች፣ አደገች፣ ግብርና ተማረች፤ ከ20 ዓመት በኋላ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በ«ላይቭ 8» መድረክ ላይ ቆመች። ዛሬ ካለው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው ያ የገና ዘፈን ሲቀዳ አልተወለደም ነበር። ግጥሙ በ2014 ለኢቦላው ሲባል ተነካክቷል፤ በኢትዮጵያ ላለፉት 40 ዓመታት ሲባል የተነካ ስንኝ ግን የለም።